ያልተረጎምኩት የሐኪም ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ግሮሰሪ ውስጥ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ልጄ ደወለችልኝ። ነርሲንግ ትማራለች፤ እዚሁ በስደት አገር ተወልዳ ስላደገች አማርኛ ሲቸግራት ወደ እኔ ነው የምትሮጠው። "ማሚ፣ ቴስቲክልን በጨዋ አማርኛ ምን ትሉታላችሁ? ለአንድ ሽማግሌ ፔሸንት ነው" አለችኝ። "የዘር ፍሬ በያቸው፤ ካልገባቸው ቆለጥ በያቸው" አልኳት ድምፄን ሳልቀንስ። ከፊቴ በርበሬ ይዘው የቆሙ እናት ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ይዩኝ! ያን ቃል በሃያ ስድስት ዓመቴ እንዲህ ደፍሬ ብናገረው ኖሮ የአንዲት ሴት ሕይወት ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ያኔ ኢንተርፕሪተር፣ የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። የቀጠረኝ ኤጀንሲ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይልከኛል፤ አንድ ቀን ስኳር፣ አንድ ቀን ወሊድ፣ አንድ ቀን የዓይን ሞራ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ጉራም ነበረብኝ። ሕጋችን አጭር ነው፤ ክፍሉ ውስጥ የተባለ ሁሉ ይተረጎማል፣ አይጨመርበትም፣ አይቀነስለትም።

ራኬብን ያገኘኋት ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የቀዶ ጥገና ክሊኒክ ውስጥ ነው። ወንድ ተብላ ያደገች፣ ራሷን ግን ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ሴት እንደሆነች የምታውቅ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ሄርንደን በኩል ኤርፖርት ውስጥ አውሮፕላን ታጸዳለች። አናንዴል ምድር ቤታቸውን፣ ቤዝመንቱን፣ ያከራዩአት እትዬ ጥሩወርቅ አብረዋት መጥተዋል፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የአንገት መስቀላቸውን ጨብጠው። የገዛ ቤተሰቧ ስልኳን አያነሳም። እትዬ ግን "የእግዜር ፍጥረት ናት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ አላውቅም" ብለው እንደ ልጃቸው ይዘዋታል።

የወንድነት ሆርሞኗን ለመቀነስ የምትወስደው ክኒን አልስማማ ስላላት የዘር ፍሬዎቿን ለማስወጣት ነበር የመጣችው። ዋናው ሰርጀሪ፣ የሴት ብልት የሚሠራበት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚሆን ነው። "ያን ቀን እያሰብኩ ነው የምኖረው" ብላኝ ነበር ኮሪደር ላይ፣ እጄን ይዛ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ወረቀት ላይ ሥዕል እየሠራ እንዲህ አለ፤ "ይህ ቀላል ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ነገር ግን ወደፊት ብልት ስንሠራልሽ ውስጡን ከምናለብስበት ቆዳ አንዱ የዘር ፍሬው ከረጢት ቆዳ ነው። ፍሬው ከወጣ በኋላ ቆዳው እየተኮማተረ ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ምርጫሽ ይጠባል። ሁለተኛውን በእርግጥ የምትፈልጊ ከሆነ ታግሰሽ ሁለቱንም አንድ ላይ ብናደርገው ይሻላል።"

ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ። አጥንቼ ተፈትኜበታለሁ። ግን እትዬ ጥሩወርቅ አጠገቤ ናቸው፣ በእናቴ ዕድሜ። ሥዕሉን ላለማየት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ቃሉን በእሳቸው ፊት ማውጣት አፈርኩ።

"ቀላል ነው፣ በዚያው ቀን ትወጫለሽ" አልኳት። "ሌላውን ወደፊት እናየዋለን ይላሉ።"

ራኬብ ፈገግ ብላ የስምምነት ወረቀቱ ላይ ሳይን አደረገች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። የታካሚ ስልክ መያዝ ክልክል ስለሆነ ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ፤ እንግዳ ተቀባይዋ "ማን ልበል?" ስትለኝ ተሳስቻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ምን ዓይነት ፈሪ ነበርኩ!

በራኬብ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ጠዋት መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ጥቅምት ነበር፤ ቅጠሉ መንገዱ ላይ ረግፏል፣ ዝናቡም ያካፋል። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌይ ላይ ትራፊኩ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የፖቶማክ ድልድይ ጋ ስደርስ "አምላኬ፣ አድርሰኝ ብቻ" እያልኩ መሪውን በመዳፌ እደበድባለሁ።

ደረስኩ፤ ለካ ገና አልገባችም። ራኬብ የሆስፒታል ጋውን ለብሳ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ እጇን ዘረጋችልኝ። "እኔን ብለሽ መጣሽ? እህቴ ነሽ እኮ!" አለችና አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ከልቅሶ በቀር ግን ከአፌ የወጣ ነገር የለም።

እትዬን ወደ ኮሪደሩ ጠራኋቸው። ለምትነቃው ልጅ ብለው የሠሩትን አጥሚት በፔርሙዝ ይዘዋል። "እትዬ፣ ያን ቀን ሐኪሙ ካለው ያስቀረሁት ነገር አለ" አልኳቸው።

"ሰምቼዋለሁ ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው። "አሥራ ስምንት ዓመት ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ሠርቻለሁ፣ እንግሊዝኛ አይጠፋኝም። አንቺ ስትተዪው... እኔ በምን አፌ ልበለው?"

"አሁን ይንገሯት።"

"አንቺ ንገሪያት እንጂ፣ ሥራሽ አይደለም?"

ሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ነበረን። ሁለት ጤነኛ ሴቶች በር ላይ ቆመን አንዳችን የአንዳችንን አፍ ስንጠብቅ ነርሶቹ መጥተው አልጋዋን እየገፉ ወሰዷት።

በሦስተኛው ዓመት ራኬብ ለዋናው ሰርጀሪ ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አገኘች። "ያቺ ጥሩ ልጅ ትምጣልኝ" ብላ እኔኑ አስጠራችኝ። ሐኪሟ መርምራት ስትጨርስ ጓንቷን አወለቀች። "ቆዳው በጣም ተኮማትሯል" አለች። "ከአንጀት እንዳንሠራው በልጅነትሽ ሆድሽ ተከፍቶ ታክመሻል፣ አደጋ አለው። ከጭን ቆዳ መሞከር ይቻላል፤ ግን ደጋግመሽ መግባት ሊኖርብሽ ይችላል፣ እኔም አልደፍረውም። የመጀመሪያው ሐኪም ይህን አልነገረሽም?"

በዚህ ጊዜ አንድም ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላት።

"አልነገረኝም" አለች ራኬብ። "ቢነግረኝማ አሥር ዓመትም ቢሆን እጠብቅ ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ነበርሽ እኮ። ነግሮኝ ነበር እንዴ?"

"ነግሮሽ ነበር። ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ።"

ሐኪሟ ትጠብቀኛለች። በእኛ ሥራ አስተርጓሚ ስለ ራሱ ሲናገር "እኔ" አይልም፤ "እኔ" የታካሚው ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩ፤ "ታካሚዋ ተነግሮኝ ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ተነግሮሽ ነበር፣ ሳልነግርሽ ያስቀረሁት እኔ ነኝ ብላ መለሰች።"

ራኬብ አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ! ወደ ሐኪሟ ዞረችና "ሌላ አስተርጓሚ ጥሩልኝ" አለች። ያንንም ተረጎምኩት። ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ አይቻት አላውቅም። እዚሁ ቅርብ፣ ጀርመንታውን የምትባል ከተማ ገብታለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ወደዚያ በሄድኩ ቁጥር የማያትን ሴት ሁሉ እሷ ትሆን እያልኩ ልቤ ይደነግጣል። ብትሆንስ ምን እላታለሁ? ያጠፋሁት እንደ ዕቃ አይመለስ። ለንስሐ አባቴ ከተናዘዝኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ግን ለእሳቸውም "አንዲት በሽተኛ ላይ በሥራዬ አጥፍቻለሁ" ብዬ ነው ያለፍኩት፤ የቀረውን ከአፌ ማውጣት አፈርኩ። ፈቱኝ፣ ምን እንደፈቱ ግን አያውቁም።