ቀይ ክር የተሰፋበት ከረጢት

ሽሮ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ሽታ አለ። ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያ ሽታ የለም። ባለፈው ዓርብ ልጆቻችንን ስናደርስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ “አንድ እፍኝ ይበቃል እየተባለ አንቺ ለምን ጣሳውን ጢም አድርገሽ ትሞዪዋለሽ?” ብለሽ ጠየቅሽኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኩሽ። ብዙ ማውራት አልችልበትም። ግን ልንገርሽ።

እኔም ልጄ በምትማርበት በዚያው ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከቦሌ ሚካኤል ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ የጣሪያችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ክፍል ውስጥ ደግሞ መነኩሲቷ አስተማሪያችን ሲስተር ድምፁ እስኪርቅ ጠመኔያቸውን እንደያዙ ዝም ይላሉ፤ እኛም ዝም እንላለን።

አባቴ ዕቃ ጫኝ ነበር። ወገቡን ተጎድቶ ከተኛ ዓመት አልፎት ነበር። እናቴ ሃያ ሁለት አካባቢ ሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። የምታጥብላቸው ሰዎች አገር ለቀው ሲሄዱ ሥራዋም ቀረ።

ዓርብ ዓርብ ሁላችንም አንድ እፍኝ ሽሮ በጣሳ ይዘን እንሄድ ነበር። የሁላችንም ሽሮ አንድ ትልቅ ባልዲ ውስጥ ይደባለቃል። ከዚያ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከአሮጌ ዩኒፎርም በሰፋናቸው ከረጢቶች እየተሞላ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ይሰጣል። ለማን እንደሚሰጥ ከሲስተር በቀር የሚያውቅ የለም። ሲስተር ሁለት ነገር አጥብቀው ይነግሩን ነበር፦ ማንም ለማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ማንም ባዶ እጁን አይመጣም። “የተቸገረ ሰው ክብሩ ሙሉ ነው” ይሉን ነበር። ያኔ አልገባኝም።

የእኔን ከረጢት ስሰፋ ነጭ ክሩ አለቀብኝ። እናቴ ከመርፌ ማስቀመጫዋ ቀይ ክር አውጥታ ሰጠችኝና በሱ ጨረስኩት። ስፌቱ ወዲያና ወዲህ ይሄድ ነበር። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ፣ “ከረጢትሽ ጠጥቷል እንዴ?” ብላ ሳቀችብኝ።

ሁዳዴ ገባ። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ከዘጠኝ በኋላም ያለውን ለእኔ፣ ለታናሽ እህቴና ለአባቴ አቅርባ እሷ ውኃ ትጠጣለች። ጾመኛ ስለሆነች አልገረመኝም። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። እሷ ግን አልፈታችም።

“እማዬ፣ አትበዪም?”

“ስዕለት አለብኝ ልጄ። እናንተ ብሉ።”

ቀለበቷ ከጣቷ ይወልቅ ጀመር። በክር ጠምጥማ አጠበበችው። የዓርቡን እፍኝ ግን አንድም ቀን አላስቀረችብኝም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ውኃ የሞላ ጀሪካን አጠገቧ ነበር። ልትነሳ ሞከረች፤ አልቻለችም። ከንፈሯ አመድ መስሏል። “ፀሐይ መታኝ” አለችኝ። ጀሪካኑን እየጎተትኩ አስገባሁት። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ስዕለቷ ሳያልቅ እናቴ የምትሞትብኝ መሰለኝ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ።

“ሲስተር፣ በሃምሳው ይጾማል እንዴ?”

“በሃምሳውማ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ማን ጾመ?”

“እማዬ። ስዕለት አለባት።”

ከኋላ አንዱ፣ “እናቷ ጳጳስ ልትሆን ነው!” አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ የሚያመኝ ያ ሳቄ ነው። ሲስተር አልሳቁም። የሚያልፍ አውሮፕላን ሳይኖር ጠመኔያቸውን እንደያዙ ዝም አሉ።

በሳምንቱ የቤታችን ሽሮ ጣዕሙ ተለወጠ። አንዴ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዴ በሶብላ፣ አንዴ የሚያቃጥል በርበሬ ይላል። የማንም ቤት ሽሮ አይመስልም። ጎረቤት ሰጥቷት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ እርሳሴ አልጋ ሥር ተንከባሎ ገባና ላወጣ ስጎነበስ ከረጢቱን አየሁት። ግማሹ በነጭ፣ ግማሹ በቀይ ክር የተሰፋ። ያ ጠማማ ስፌት። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ዓርብ ጠዋት እናቴ እፍኟን ሞልታ ቆመች።

“ዛሬ አልወስድም” አልኳት።

“ለምን?”

“ረፍዶብኛል።”

“ጣሳሽን አምጪ። የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።”

እኛ ነን እኮ እማዬ፣ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን አዝናልን ያመጣችውን ዳቦ “ልጆቼ ጠግበዋል” ብላ የመለሰች ሴት ናት። ማወቄን ካወቀች ከረጢቱን መልሳ ስዕለቷን ትቀጥላለች። ዋጥኩት። ጣሳዬን ዘረጋሁላት።

ሲስተር ጣሳዬን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በሹክሹክታ፣ “ሲስተር፣ የሚሰጣቸው ሰዎችም ያመጣሉ?” አልኳቸው። ደንቡን መጣሴ ነበር። አልተቆጡኝም። ትክ ብለው አዩኝ።

“ያመጣሉ” አሉኝ። “አንዲት እናትማ፣ እኔም ካልሰጠሁ አልቀበልም ብላኛለች።”

ያን ቀን ስመለስ፣ ከከረጢቱ ድርሻዋን ልካ ነበርና፣ እናቴ ከእኛ ጋር ማዕድ ቀረበች። “ስዕለቴ ደረሰ” አለች። የመጀመሪያውን ጉርሻ ቆረሰች። እህቴ አጨበጨበች። አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። እኔ እናቴ ስታላምጥ እሰማ ነበር። ተመስገን ማለት የጀመርኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረችልኝ። ማወቄን ግን አንድም ቀን አልነገርኳትም።

አርባዋን ባወጣን ማግስት ሣጥኗን ከፈትኩ። ከረጢቱ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ከነጠላዋ ሥር ተቀምጧል። አንድ በኩል ስፌቱ ተፈትቶ ነበር። በቀይ ክር፣ በሷ ቀጥ ያለ ስፌት ተጠግኗል። ክሩን የሰጠችኝ እሷ መሆኗ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከመጀመሪያው ቀን የማን እጅ እንደሰፋው አውቃለች። የልጇን ከረጢት ተቀብላ፣ እንዳላይባት አልጋ ሥር ደብቃ፣ ከሱው እየዘገነች ዓርብ ዓርብ ልካኛለች። እኔ ከሷ ስደብቅ፣ እሷ ከእኔ ስትደብቅ ኖርን። አንድ ቀን እንኳ አብረን አላለቀስንበትም።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ጣሳዋን ከኋላዋ ይዛ፣ “ማሚ፣ ግን ለማን ነው?” አለችኝ።

“ጣሳሽን አምጪ” አልኳት።