ያልተጠጣ ሻይ

ስዋንሲ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሻይ ቤት ያላት ግሌኒስ በየቀኑ የሚመጣውን የአንድ ደንበኛዋን ስም አታውቅም። የምታውቀው ሻዩን ነው። ወተቱ ስልባቦት እስኪይዝ ሳይነካው ከቀረ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው የዋጋ መስመር ቁልቁል እየሄደ ነው ማለት ነው። ጠዋት የገዛውን አክሲዮን ከሰዓት ይሸጣል፤ እንጀራው ይኸው ነው። የሚያየው አለቃ ሳይኖር በየቀኑ ክራባት ያስራል። ጣቶቹ ግን ወፋፍራምና ጠባሳ የበዛባቸው ናቸው፤ ወንበር ሲስብ ሳያስበው እንጨቱን ይዳብሳል።

«ለመሆኑ ይሄ ሥራ ደስ ይልሃል?» አለችው አንድ ቀን።

«አዛዥ የለብኝም» አላት፣ ዓይኑን ከላፕቶፑ ሳይነቅል።

«እሱን መች ጠየቅኩህ?»



ሐሙስ ዕለት የጎኑ ጠረጴዛ ተነቃነቀና የአንዲት ባልቴት ሾርባ ቀሚሳቸው ላይ ፈሰሰ። ሰውዬው ብድግ አለ። ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ፣ ከአሮጌ የፍራፍሬ ሳጥን ትንሽ ሽብልቅ ጠረበ፤ ተንበርክኮ ከጠረጴዛው እግር ሥር ሰካው። ከዚያ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። ጠረጴዛው ቀጥ አለ።

«እጅህ የተባረከ ነው» አሉት ባልቴቷ።

ግሌኒስ ጥርሱን ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ ላፕቶፑ ሲመለስ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምነው?» አለችው።

«ልሸጥበት ስጠብቀው የዋልኩት ዋጋ መጥቶ ሄደ፣ እኔ እዚያ ጎንበስ ብዬ። መነሣት አልነበረብኝም።»

ግሌኒስ የቀዘቀዘውን አንሥታ ትኩስ ሻይ አመጣችለት። ያም ሻይ ስልባቦት ያዘ።