የፀሐይወርቅ የጥቅምት ግድግዳ

ባለቤቴ ፀሐይወርቅ ባለፈው ሚያዝያ በስድሳ ሦስት ዓመቷ አረፈች። ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖረናል። ቤታችን ዲላ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው የኮረት መንገድ ዳር ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ የጭቃ ቤት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በቡና መጋዘን ለቀማ ሠርታለች፤ አንዲት ልጅ አሳድጋለች፤ በየዓመቱ ከመስቀል ማግስት ጀምራ ደግሞ የሳሎናችንን ግድግዳ ታለብስ ነበር። እዚህ የምጽፈው ስለ ግድግዳው ነው።

«ማልበስ» የራሷ ቃል ነው። የተወለደችው ፍስሐ ገነት ነው። እዚያ እናቷ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ ሻጋታ የመታውን ግድግዳ በቀይ አፈር ይለቀልቁና ከጓሮ የመጣውን በቆሎ ከጣራው ሥር ይሰቅሉ ነበር። እናቷ የሚሰቅሉት ነቀዝ እንዳይበላው ነው። ፀሐይወርቅ ግን የምትሰቅለው ለዓይን ነበር።

በተጋባን በመጀመሪያው ጥቅምት፣ ያኔ ተቀጥሬ ከምሠራበት የትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ስመለስ፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀርከሃ ተጋድሞ አገኘሁ። በቀርከሃው ላይ በቆሎ፣ የብርብራ ፍሬ፣ የደረቀ የእንሰት ቅጠል ተንጠልጥሏል። መስኮቱ ላይ ሁለት ዱባ ተቀምጧል።

«ገበያው ወደ እኛ ቤት ተዛወረ እንዴ?» አልኳት።

«ክረምቱን ሙሉ በአንድ ልብስ ከረመ፤ አያሳዝንም?» አለችኝ። ስለ ቤቱ ነው የምታወራው።

እኔ ቀለም የማስተውል ሰው አልነበርኩም። ለእኔ ግድግዳ ጣራውን የሚሸከም ነገር ነው። እሷ ግን ሥርዓት ነበራት። ከግራ የሚጀምረው ሊጠቁር የደረሰው ቀይ በቆሎ ነው፤ ቀጥሎ ብርቱካናማው፤ መጨረሻ ላይ ቢጫው። «ከፍም ወደ ነበልባል ነው የሚሄደው» ትል ነበር። ከሥሩ የእንሰቱን ቅጠል፣ ቡኒውንና ወርቃማውን እያፈራረቀች ታጥፋለች። በበሩ መቃን ላይ በክር የተሰካ ቀይ በርበሬ ታንጠለጥላለች። ሁሉንም የምታስረው በቃጫ ነው፤ ሁለት ዙር አዙራ ጫፉን ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች።

የብርብራው ነገር ብዙ አስቆናል። የብርብራ ፍሬ ቅርፊቱ ሲደርቅ በድንገት ይፈነዳና ዘሩን ይወረውራል። አንድ ቀን የቢሮ አለቃዬ ሊጠይቁን መጥተው ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ከበላያቸው ጧ! አለና ዘሩ ብርጭቆአቸው ውስጥ ገባ።

«ሽብሩ፣ ቤትህ ይተኩሳል እንዴ?» አሉ ከወንበራቸው ብድግ ብለው።

«እርስዎን ሲያይ ደስ ብሎት ነው፣ ጋሼ» አለች ፀሐይወርቅ፣ ሌላ ሻይ እየቀዳች።

እንዲህ እያለ ብዙ ጥቅምት አለፈ። ልጃችን ኤልቤቴል ከዚያ ግድግዳ ሥር ተምራ አደገች፤ ሀዋሳ ባንክ ተቀጠረች፤ አገባች። እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ነገሩ የመጣው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያን ዓመት ፀሐይወርቅ ወደ ለቀማ አልመለስም አለች። ወገቤን ያመኛል ስትል አመንኳት። ግድግዳውን ግን እንደ ልማዷ አለበሰች። በነጋታው ጎረቤታችን ሀዲጃ መጣች። ሀዲጃ ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ስትስቅ ድምፅዋ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። በሩ ላይ ቆማ ቀና አለችና፣

«እትዬ ፀሐይ! ዘንድሮ ቃሪያም ሰርግ ተጠራ?» አለች።

ቀና ብዬ አየሁ። ገና ካልደረቀው ቀይ በርበሬ መሃል አምስት ስድስት አረንጓዴ ተሰክቷል።

«ቀዩን ትለያለሽ ብዬ እኮ ነው ቅርጫቱን እንዳለ የሰጠሁሽ» አለች ሀዲጃ።

ፀሐይወርቅ በርበሬውን በጣቷ ነካ አደረገች። ከዚያ ሳቀች። «ለለውጥ ነው። ሁልጊዜ ቀይ፣ ሁልጊዜ ቀይ፤ አይሰለችሽም?»

ሀዲጃም ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ይህች ሴት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቁና ቡና ውስጥ አንዷን የጠቆረች ፍሬ ለይታ ስታወጣ የኖረች ናት። ሀዲጃ ስትሄድ ግድግዳውን ደህና አድርጌ አየሁት። ከግራ ሦስተኛው ላይ፣ ከጥቋቁሮቹ መሃል፣ ቢጫ በቆሎ ተንጠልጥሏል። እንዲህ ያለ ስህተት በሠላሳ አራት ዓመት አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ ወደ ሴቶች ጸሎት ስትሄድ ወንበር ላይ ወጥቼ አረንጓዴዎቹን አወጣሁ፤ በቆሎውንም ቦታ ለወጥኩ። ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሌላ ቀንም ሌላ የተሳሳተ አግኝቼ እንዲሁ አደረግኩ። ሦስተኛ ጊዜ ካስተካከልኩ በኋላ ከደጅ ገብታ እጇን በቀርከሃው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አስኬደች። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ እንጃ፤ ነፋስ ይሆናል።»

«ነፋስ ቋጠሮ ፈትቶ መልሶ አይቋጥርም። ይሄ ያንተ ቋጠሮ ነው። በቆሎውን እንደ ፋይል ነው ያሰርከው።»

ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። ምሳ ታቀርባለች፤ ሻይ ትቀዳለች፤ ከዚያ ያለፈ ቃል የለም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን፣ እኔን ሳታይ መናገር ጀመረች።

«ዳር ዳሩ ጠፍቶብኛል። መሃሉ አለ፤ ግን ጭስ አለበት። ቀዩንና አረንጓዴውን አልለየውም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካቻምና።»

«ታዲያ ለእኔ እንኳ አትነግሪኝም?»

«ለአንተ ከነገርኩ ለኤልቤቴል ትነግራታለህ። ኤልቤቴል ደግሞ በነጋታው መኪና ይዛ ትመጣለች።»

እውነቷን ነው። ልጃችን ክፉ ሆና አይደለም። እናትና አባቷን ከጎኗ ማድረግ ትፈልጋለች፤ በየስልኩ «ኑና ከእኛ ጋር ኑሩ» ትለናለች። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ነው። ፀሐይወርቅ እዚያ አንድ ሳምንት ሰንብታ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አከራዩ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት ይከለክላሉ።

«እዚያ ከሄድኩ እንግዳ ነኝ፣ ሽብሩ። ያውም የማታይ እንግዳ። እዚህ እጄ መንገዱን ያውቃል። ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ሐኪም ይይሽ ብቻ አልኳት። ለዚያ ተስማማች። የዓይን ሐኪሙ ያለው ሀዋሳ ነውና በጠዋቱ ሚኒባስ ሄድን። ልጃችን ከምትሠራበት ባንክ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ባለ ክሊኒክ፣ ከገዛ ልጃችን እንደ ሌባ ተደብቀን ወረፋ ጠበቅን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ አስረዳን። የዓይን ግፊት ነው። የሄደው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ጠብታውን ሳታቋርጥ ማድረግ አለባት።

ስንመለስ ይርጋዓለም መገንጠያን አለፍን። ከዚያ፣

«ኤልቤቴል በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ ብላለች» አለች። «እኔው እነግራታለሁ። ግን መጀመሪያ ቤቱን ታያለች፤ ከዚያ ትሰማለች። ቅደም ተከተሉ እንደዚህ ነው።»

«ያም ሆኖ እንሂድ ብትልስ?»

«ቤቱ ካላሳመናት እኔ በአፌ አላሳምናትም። ያኔ እሄዳለሁ።» እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። «አንተ ግን አትነካም። ቀለሙን ትነግረኛለህ፤ እጁ የእኔ ነው።»

ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ አራቆተችው። ሁሉንም ወለሉ ላይ በተዘረጋ ሰሌን ላይ ከመረችው። ከሀዲጃ ዘንድ አዲስ በርበሬ አስመጣች፤ ዘንድሮ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ እንጂ እሸት አይገባም አለች። ብርብራውን በጆሮዋ ሥር እየነቀነቀች ለየች፤ ውስጡ የተንኳኳ ሊፈነዳ የደረሰ ነው፣ ከእንግዳ መቀመጫ ይራቅ። የእንሰቱን ቅጠል በጣቶቿ እያሸች የትኛው ሳይሰበር እንደሚታጠፍ አወቀች። በቆሎው ላይ ስንደርስ የእኔ ተራ ሆነ።

«ይሄ?»

«ቀይ።»

«የትኛው ቀይ?»

«ቀይ ነዋ! ቀይ ስንት ዓይነት ነው?»

«የጡብ ነው? የእሸት ቡና ነው? ወይስ ዛፉ ላይ ቆይቶ ሊደርቅ ያለው?»

ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። የእሸት ቡና ነው። አጠገቡ ያለው ደግሞ የጠቆረው ነው፤ ሁለቱ እስከ ዛሬ ለእኔ አንድ ነበሩ። ከዚያ ቢጫውን ስጀምር የቅቤ ነው ወይስ የሙዝ ትለኛለች። አንዱን የጠወለገ ጎመን ይመስላል ብላት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እግዚአብሔር ዓይን ሲሰጥ ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም ልበል?» አለች።

አራት ቀን ፈጀብን። በሠላሳ አራት ዓመት ያላየሁትን ግድግዳ በአራት ቀን አየሁት። እሷ ወንበሩ ላይ ትቆማለች፤ እኔ ወንበሩን እይዛለሁ፤ በስም እየጠራሁ አቀብላታለሁ። አንድም ቋጠሮ አልቋጠርኩም። ሲያልቅ የቀርከሃው ቀኝ ጫፍ ላይ የአንድ በቆሎ ቦታ ባዶ ቀረ። ረስታው መስሎኝ ነገርኳት። «ተወው» አለችኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኤልቤቴል ዳቦና ፓፓያ ይዛ መጣች። ገና ከበሩ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«እማዬ! ዘንድሮ እኮ ከሁሉም ዓመት ይበልጣል!» ስልኳን አውጥታ ለባሏ ፎቶ ላከች። በርበሬውን ነካች፤ ዱባውን አየች፤ እንደ ልጅነቷ ከቀርከሃው ሥር ተቀመጠች። እናቷ ይህን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት፤ ጭሱን፣ ለቀማውን ለምን እንደተወች፣ ክሊኒኩን።

ኤልቤቴል ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

«ይሄን የሠራው አባዬ ነው?»

«አባትሽ? አንድ ቋጠሮ አልቋጠረም። ወንበር ያዘ፣ ስለ ጎመን አወራ።»

ልጃችን አልሳቀችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ሀዋሳ ድረስ መጥተን ሳናያት መመለሳችን ከሁሉም በላይ ጎዳት። እንባዋን ጠርጋ ስትነሣ ድምፅዋ የባንክ ሠራተኛ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ነገ አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ። እማዬ፣ ልብስሽን አዘጋጂ።»

እኔ ወለሉን አየሁ። ፀሐይወርቅ ብድግ አለች፤ ጠረጴዛውን በጭኗ ሳትነካ ዞራ ወደ ቀርከሃው ቀኝ ጫፍ ሄደች።

«እዚህ ያንድ ቦታ ትቻለሁ» አለች። «ከዚያ ቅርጫት አንድ ቢጫ በቆሎ ስጪኝ።»

«እማዬ፣ አሁን ስለ በቆሎ ነው የምናወራው?»

«ስጪኝ።»

ኤልቤቴል ከቅርጫቱ ትልቁንና ያማረውን መርጣ ሰጠቻት። ፀሐይወርቅ በጣቶቿ አንድ ጊዜ አዞረችውና መለሰችላት።

«ይሄ ነቀዝ ገብቶበታል። ሌላ።»

«የለበትም እማዬ፤ ንጹሕ ነው።»

«ከሥሩ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ።»

ኤልቤቴል በቆሎውን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። እኔም ተነሥቼ አየሁ። በሦስተኛው መስመር ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ ነበረች፤ በጥፍሯ ስትነካት ዱቄት ወጣ። ሁለታችንም ጤነኛ ዓይን አለን፤ ሁለታችንም አላየናትም።

ልጄ በቆሎውን ይዛ ብዙ ቆመች። ከዚያ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ እያገላበጠች መፈለግ ጀመረች። ሌላ አገኘች፤ ራሷ በጣቶቿ ዳበሰችውና ለእናቷ ሰጠቻት። ፀሐይወርቅ በቃጫው ሁለት ዙር አዙራ አሰረችው።

«ወንበሩን ያዢልኝ» አለች።

ኤልቤቴል ያዘችላት። ቀና ብላ እያየቻት፣ «ጠብታውን በስንት ስንት ሰዓት ነው የምታደርጊው?» ብላ ጠየቀች።

«ጠዋትና ማታ።»

«ማታ ማታ እየደወልኩ እጠይቅሻለሁ። አባዬን ሳይሆን አንቺን።»

«ደውይ።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ወረድን። ኤልቤቴል የሀዋሳ ሚኒባስ ውስጥ የመስኮቱ ዳር ተቀመጠች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ማዘር፣ ፋዘር፣ ሁለት ቦታ አለ፤ ግቡ እንጂ!» አለን።

«እኛ ሸኚ ነን» አለችው ፀሐይወርቅ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ እጇን አነሣች፤ ከዚያ ክንዴን ያዘችና ወደ ቤት መንገድ ጀመርን።