የተለቀመ አፈር

ባለፈው ሳምንት እዚሁ መቱ፣ አሮጌው ጋራዥ ግቢ ውስጥ አንድ ወጣት በዘይት የጠቆረ አፈር እየቆፈረ በላስቲክ ከረጢት ሲያስገባ አየሁ። በቦታው ቤት ሊሠራ ስለታሰበ ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ በጀት አስቀድሞ እያስመረመረው ነው። ወጣቱ የሚሸተውን እየመረጠ ሲወስድ ሳይ ብቻዬን ሳቅኩ። በእሱ ዕድሜ የሠራሁት ሥራ ትዝ ብሎኝ ነው።

ክልሉ ኦሮሚያ ተብሎ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመታት ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ማዘጋጃ ቤት በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። አለቃዬ የከተማው የጤና ባለሙያ ጋሼ ፊጣ ነበሩ። ያኔ ድሮ ለወባ ትንኝ የሚረጭ መድኃኒት ይከማችበት የነበረ መጋዘን ፈርሶ መዋዕለ ሕፃናት ሊሠራበት ተወሰነ። ሁሉም ደስ ሲለው ጋሼ ፊጣ ግን «መጀመሪያ አፈሩ ይመርመር» ብለው ሙጭጭ አሉ። ለመንገድ ጠጠር ከተያዘው በጀት ተቀንሶ ተፈቀደላቸው። የእኛ አገር ዝናብ እንደሆነ ጀመረ እንጂ አቆመ አይባልም፤ ጭቃው ያማረረው ሰው ሁሉ አማቸው።

እሳቸው ለሥራ ወደ ኡካ ሲሄዱ ለምርመራ አዲስ አበባ የሚላከውን የአፈር ናሙና እንዳዘጋጅ አዘዙኝ። እናቴ ቡና ለቃሚ ነበረች። የቡና ናሙና አዲስ አበባ ሲላክ ጥቁሩና የተቦረቦረው ፍሬ ተለቅሞ እንደሚጣል ከልጅነቴ አውቃለሁ። ስለዚህ በግድግዳው ሥር ነጭ ነጭ የሚለውንና አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ትቼ፣ ከአጥሩ ጥግ ቀይ ንጹሕ አፈር ዛቅሁ። ሥራሥሩን ለቀምኩ፣ በወንፊት ነፋሁት። የከተማችንን ገመና ለአዲስ አበባ ሰው ማሳየት አሳፍሮኝ ነበር።

ውጤቱ «ችግር የለበትም» ብሎ መጣ። ቢሮው በደስታ ተሞላ፤ ትኩስ የጎደሬ ቅቅል ከቆጭቆጫ ጋር ቀረበ። ጋሼ ፊጣ ብቻ አልነኩትም።

«ኢንታለ ኮ፣ ልጄ፣ ከግድግዳው ሥር ያለውንም ወስደሻል አይደል?» አሉኝ።

«እሱማ ይሸታል ጋሼ። ጥሩ ጥሩውን ለቅሜ ነው የላክሁት።»

ፊታቸው ሲለወጥ ሳይ የያዝኩትን ጎደሬ መልሼ አስቀመጥኩ። ሰኞ ግንበኞች መሠረት ሊቆፍሩ ነው፤ የምርመራው ገንዘብ አልቋል። እኔም ከሥራ መባረሬን አልተጠራጠርኩም። እሳቸው ግን አልጮሁብኝም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ናሙና ስልሽ አንቺ የምታውቂው የቡናውን መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ» አሉ።

አብረን በጀቱን የሚወስነው የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ፊት ቀረብን። እያለቀስኩ የሠራሁትን ተናገርኩ። ሰብሳቢው «ለአንድ አፈር ሁለት ጊዜ ይከፈላል እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

ጋሼ ፊጣ ተነሡ። «ማሎ፣ እባካችሁ፣ እዚያ አፈር ላይ የሚቀመጡት እኮ ልጆቻችን ናቸው።»

ሰብሳቢውም የበጀቱን ወረቀት አጣጥፈው «በሉ፣ ጠጠሩ ለከርሞ ይደር» አሉ።

ሁለተኛውን ናሙና አፍንጫችንን በጨርቅ ሸፍነን አብረን ቆፈርን። ጋሼ ፊጣ ራሳቸው አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ሳጥኑን እግራቸው ሥር አድርገው በሁሩሙ በኩል አዲስ አበባ ወሰዱት። አፈሩ መርዝ እንዳለበት ታወቀ። ቦታው ታጠረ፤ መዋዕለ ሕፃናቱም መጋዘን ባልነበረበት ሌላ ሠፈር ተሠራ። ያን ክረምት ከተማው በሙሉ ጭቃውን ረገጠ፤ እኔም አንድ እግር ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከሥራዬ ግን አልተባረርኩም።

ጋሼ ፊጣ ዛሬ በሕይወት የሉም። እሳቸውን ሳስብ ልቤ በምስጋና ይሞላል፤ ጠጠሩን ለማያውቃቸው ልጆች የተወውን ከተማም እንዲሁ። የልጅ ልጄ የምትማረው ያኔ ሌላ ሠፈር በተሠራው መዋዕለ ሕፃናት ነው። ትናንት ጥፍሯ ሥር ቀይ አፈር ሞልቶ፣ ከንፈሯም ቀልቶ መጣች።

«አፈር በላሽ እንዴ?» አልኳት።

«ትንሽ» አለችኝ።

አፏን አጠብኩላት። አልደነገጥኩም።