የደህናው እግር ፋሻ

አጎቴ አራጌ ከጎብዬ ከተማ አጠገብ ማሽላ ያርሳል። ጥያቄ የሚወድ ሰው ነው። የጎረቤት የውሃ ሞተር ከቆመ ሳይጠሩት ሄዶ ይፈታዋል፤ አንዳንዴ መልሶ መግጠሙ ያቅተዋል። ሰፈሩ "አራጌ መጣ፣ ዕቃህን ደብቅ" ይላል። እሱ አይከፋውም።

ሐምሌ ላይ ከደጋ የወረደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ሲመልስ ድንጋይ ተንከባሎ ቀኝ እግሩን ሰበረው። እኛ አገር ጎርፍ ያልመለሰ ማሽላ አያገኝም። እግሩ ካልዳነ ምን እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሆስፒታል ወሰድኩት፤ ቀዶ ጥገና ተባለ። ከመግባቱ በፊት መቅደስ የምትባል የማደንዘዣ ባለሙያ መጣችና ፋሻ አውጥታ እግሩን ጠበቅ አድርጋ ትጠቀልል ጀመር። ግራውን። ደህናውን። ደነገጥኩ።

"ልጄ" አላት አጎቴ፣ "የተሰበረው ያኛው ነው።"

"አውቃለሁ አባቴ።"

"ታዲያ ይሄ ምን አጠፋ?"

ሳቀች። "ወገብዎ ላይ መርፌ ስወጋዎ እግርዎ ይደነዝዛል፣ የደም ሥሩም ይላላል። ደሙ ወደ እግር ይወርድና ግፊትዎ ይቀንሳል። ያዞርዎታል፣ ያቅለሸልሽዎታል። ፋሻው ደሙ እዚህ እንዳይጠራቀም ነው።"

አጎቴ ፋሻውን በጣቱ ነካ። "የታችኛው ቦይ ሲከፈት ላይኛው ማሳ ይደርቃል። አንቺ እየገደብሽ ነው።"

"እንደሱ ነው።"

"የተሰበረውስ ክፍት ሊቀር?"

"እሱን ሐኪሞቹ ይሠሩበታል። ግሉኮስ እሰጥዎታለሁ፣ ግፊት የሚያነሳ መድኃኒትም ይዣለሁ። ብቻ ትንሽ ነገር ከተሰማዎ ይንገሩኝ። ወንድ ነኝ ብለው ዝም እንዳይሉ።"

"እሱ ነው ዝም የሚል?" አልኩ ሳላስበው።

ውስጥ የሆነውን ኋላ ራሱ ነገረኝ። ነቅቶ ነበር። ክንዱን ጨበጥ ለቀቅ የሚያደርገውን የግፊት መለኪያ እያየ መቅደስን "አሁንስ ምን አለ?" እያለ ጠየቃት። እግሩ የሌላ ሰው እግር መሰለው። ከዚያ አዛጋው፣ አቅለሸለሸው።

"ልጄ፣ ላይኛው ማሳ ሊደርቅ ነው።"

መድኃኒቱን ወዲያው ሰጠችው። ቀለል ሲለው ሐኪሙን አጥንቱን ስለሚያስርበት ብሎን መጠየቅ ጀመረ።

ወደ አልጋው ሲመለስ "ጣቴን ንካው" አለኝ። ነካሁት።

"ነካኸው?"

"አዎ።"

"አልተሰማኝም። ትንሽ ቆይተህ ድገመው።"

ስደጋግም ዋልኩ። ወደ ማታ ግድም መጀመሪያ የግራው፣ ከዚያ የቀኙ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ሞተር እንደሚያይ ጎንበስ ብሎ አየው።

"እስክድን ጎርፉን ማን ይመልሳል?" አለ።

"እኔ። አንተ ዳር ሆነህ ጠይቅ።"