ሽማግሌዎቹ ይዘውት የመጡት ቪዲዮ

አንዲት ሴት አንድን ወንድ እምቢ ለማለት ስንት ጊዜ እምቢ ማለት እንዳለባት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። አብራኝ የምትኖረው ከቡሌ ደጋ የመጣች ልጅ ብትል ብትል ቁጥሩ አልሞላላትም።

ዲላ ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርተን ነበር የምንኖረው። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ እሷ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የነርሲንግ ተማሪ ነበረች። ሰውዬው የገደብ ከተማ ቡና ነጋዴ ልጅ ነው። ልምምድ የምትሠራበት ጤና ጣቢያ እናቱን ለማሳከም መጥቶ አያትና ወደዳት። መውደዱ ክፋት የለውም። አልፈልግም አለችው፤ እሱ ግን ሳቀ። ስልኩን ስትዘጋበት በሌላ ቁጥር ይደውላል፤ ያንንም ስትዘጋ ከልምምድ ስትወጣ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

የግቢያችን ሰው ሁሉ "ታድለሽ! እንዲህ የሚወድ ወንድ ዛሬ የት ይገኛል?" ይላታል። አከራያችን ሻይ ይዘው ቴሌቪዥናቸው ፊት ከተቀመጡ በትርጉም የሚቀርበው ተከታታይ ፊልም እስኪያልቅ አይነሱም። አንድ ቀን ጠሯትና ስክሪኑ ላይ ያለችውን ሙሽራ እያሳዩ "አየሽ፣ ይቺም እንዳንቺ ስትኮራ ነበር" አሏት። እምቢታዋ ኩራት መስሏቸው ነው!

እኔ ደሜ ይፈላል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየኋቸው ክሊፖች ሁሉ አንድ ናቸው። ልጅቷ በቡና ተክሉ መሃል ትሮጣለች፣ ዞር ብላ ታያለች፣ እሱ ደርሶ እጇን ይይዛታል፣ ዘፈኑ ያልቃል። እስከ ዛሬ ሮጣ ያመለጠች አንዲት እንኳ አላየሁም። ይህንኑ ክፍል ውስጥ አንስቼ ተማሪዎቼን "ባትፈልገውስ?" አልኳቸው። ወንዶቹ ሳቁ። ከሴቶቹ አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ካልፈለገችው ታዲያ ለምን ዞር ትላለች?" አለችኝ። የት እንደደረሰ ለማየት ነዋ! ይህን ለአንዲት ወጣት ልጅ ማስረዳት ነበረብኝ። ያን ቀን ትምህርቱን ትቼ ስለዚሁ ብቻ ስናገር ዋልኩ።

የምረቃዋ ዕለት አባቷ የተሳፈሩበት መኪና ከቡሌ ሲወርድ ጭቃ ይዞት ዘግይቷል። እሷ ጋዋኗን ለብሳ በር በሩን እያየች ቆማለች፤ እኔም አጠገቧ ነኝ። በዚህ መሃል ያ ሰውዬ አበባ ይዞ፣ ጓደኞቹን ስልክ አስይዞ መጣና ፊቷ ተንበረከከ። ወዲያው ሰው ከበባቸው። እኔ ወደ ኋላ ተገፋሁ። "እሺ በዪው! እሺ በዪው!" እያለ ያ ሁሉ የተማረ ሰው ይጮሃል። ልጅቷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እሱ አንዱን እጇን ከፊቷ ላይ ስቦ ቀለበቱን አጠለቀላት፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ሰዉን ገፍቼ ልገባ ስል አንዱ "ሲስ፣ ቪዲዮውን እያበላሸሽው ነው" አለኝ። በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር።

አባቷ ያን ቀን ሳይደርሱ ቀሩ። ቀለበቱን ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ አወለቀችው፤ በማግስቱም በጓደኛው በኩል መለሰችለት። እኛ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር። ለካ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ቪዲዮው የፍቅር ዘፈን ተደርቦበት አገር አዳርሷል። ከሥሩ "የደስታ እንባ" ብለው የጻፉት ብዛት! ቡሌም ደርሶ አባቷ አይተውታል። ብዙም ሳይቆይ ደውለው ሽማግሌ ሊመጣ ስለሆነ ቤት ድረስ እንድትመጣ ነገሯት። እሷ ከሰውዬው አገር ከገደብ ርቃ ሌላ ቦታ ሥራ ለማግኘት ማመልከቻ እያስገባች ነበር። አባቷ እሺ ካሉ ግን የሚቀራት የሠርጉ ቀን ብቻ ነው። እንዴት ፊታቸው እምቢ እላለሁ ብላ ስትጨነቅ "ዝም ማለት ለበግም አልበጃት" አልኳትና አብሬያት ሄድኩ።

ቡሌ ጉም ነበር። ከመኪና ወርደን በእግር ተጉዘን፣ ከእንሰቱ ጀርባ ካለው ቤታቸው ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ቀድመውናል። ከእነሱ ሁለቱ የአገሩን ቋንቋ ጌዴኦኛን ስለማይሰሙ ወሬው በአማርኛ ነው። በወጉ መሠረት ልጅቷ እዚህ ጨዋታ ላይ አትቀመጥም፤ እሷ ጓዳ ገባች፣ እኔ እንግዳ ነኝና በር አጠገብ ተቀመጥኩ። እንደ ወጉ ቢሆን ደግሞ አባት "ዘመድ ላማክር" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ትልቁ ሽማግሌ ግን "ቀጠሮ አያስፈልገንም፤ ልጅቱ ራሷ እሺ ብላለች" ብለው ስልካቸውን ለአባትየው ዘረጉላቸው። ዘፈኑ ቤቱን ሞላው።

"አይቻለሁ" አሉ አባቷ፣ ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው። "ልጄ ሲያለቅስ አይቼ፣ ደስ ብሎት ነው አልኩኝ። እኔም አለቀስኩ።"

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ከተመራቂዎቹ አንዷ ያነሳችው፣ ዘፈን ያልገባበት ቪዲዮ ስልኬ ላይ ነበር፤ ከፈትኩት። ከጩኸቱ መሃል የእሷ ድምፅ በግልጽ ይሰማል፦ "በናትህ ተነስ። አልፈልግህም ብዬሃለሁ። ሰው ፊት አታስጨንቀኝ።"

እኔ በቃ አለቀ ብዬ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ ግን ጉሮሯቸውን ጠርገው "ምን አለበት፤ ሴት ልጅ መጀመሪያ እምቢ ማለቷ ጨዋነቷ ነው" አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ታዲያ የማይፈልግ ሰው ምን ብሎ ይናገር?" ብዬ ጮህኩባቸው፤ እንግድነቴንም ዕድሜያቸውንም ረስቼ። "እምቢ የሚለውን አንዱን ቃል ቀምታችሁን በየትኛው እንናገር?" አንዱ "የከተማ ሴት" አሉ ወደ ጎን ዞረው።

ይህን ጊዜ ከጓዳ ወጣች። ከሽማግሌዎቹ ወደ አንዳቸውም ሳታይ አባቷ ፊት ቆመች።

"አባዬ፣ ስልኩን አስቀምጥና እኔን ጠይቀኝ። ይኸው አለሁ አይደል?"

አባቷ ስልኩን አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ወደ እሷ ዞሩ። ከዚያ በጌዴኦኛ፣ ቀስ ብለው፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ያ ሁሉ ሰው ስለ እሷ ሲያወራ፣ ሲያጨበጭብ፣ ሲመርቅ ይህን ጥያቄ የጠየቃት የለም። የተንበረከከውም ቢሆን "አግቢኝ" አለ እንጂ "ትወጂኛለሽ ወይ" አላለም።

"አልፈልገውም" አለች፣ ሁሉም እንዲሰሙ በአማርኛ።