አባቴ ወንበሩን ተከትሎ ቴአትር ቤት የሄደ ጊዜ

አባቴ ሥራዬን «ቢሮ» ነው የሚለው። ጠዋት ለልምምድ ስወጣ «ቢሮ ነሽ?» ይለኛል፤ ስመለስ ደግሞ «ቢሮ እንዴት ዋለ?» ይለኛል። እኔም «ደህና ዋለ» እላለሁ። ቢሮ የሚባል ነገር ግን የለኝም። መሐል ከተማ፣ ስታዲየም አካባቢ፣ መጋረጃው ቀለሙ በለቀቀ አንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ እሁድ እሁድ ቴአትር የሚያሳይ ቡድን አለ፤ እዚያ ተዋናይ ነኝ። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ጎረቤት ሲጠይቀው ግን «ልጄ ከተማ ቢሮ ትሠራለች» ብሎ ወሬውን እዚያው ይቆርጠዋል። እሱ ባደገበት ቤት መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው ሁሉ አዝማሪ ነው፤ የአዝማሪ አባት መባሉን ደግሞ አልፈለገውም።

እኔ ቱግ ባይ ነኝ። እናቴ «አንቺን ለመለኮስ ክብሪትም አያስፈልግ» ትለኛለች። በዚህ ነገር ግን ለዓመታት ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስላልከፋኝ አይደለም፤ በጣም ይከፋኝ ነበር። እናቴ መጥታ አይታኛለች፣ አክስቶቼ መጥተዋል፣ የሰፈራችን ባለሱቅ እንኳ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። እኔ የምፈልገው ግን አንድ ሰው ነበር። አባቴ አንድ ቀን መጥቶ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ አይቶኝ፣ «ሥራሽ ይሄ ነው» እንዲለኝ ነበር የምፈልገው። ልጅ ሆኜ ደስ ባሰኘሁት ቁጥር በኦሮምኛ «ኢንታላ ኮ» ይለኝ ነበር፤ ልጄ ማለት ነው። ቴአትር ከገባሁ ወዲህ ይህቺ ቃል ከአፉ ጠፍታለች።

የምንኖረው ላፍቶ ነው። አባቴ የተወለደው ላፍቶ ገና ማሳ ሳለ ነው፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ቦታ ላይ ገብስ አጭዷል። አሁንም ከግቢያችን ጀርባ ሁለት ላሞች አሉት፤ ወተታቸውን ፎቅ ላይ ላሉት ደንበኞቹ ያደርሳል። ስታዲየም መሄድ ለእሱ «ከተማ መውጣት» ነው። «እኛ ታዲያ ያለነው የት ነው?» ስለው «ቤታችን» ይለኛል።

ከድሮው ቤት የተረፈው ትልቁ ንብረቱ የጠፍር ወንበሩ ነው። አያቴ ለሚስቱ፣ ማለትም ለአባቴ እናት፣ ከወይራ አስጠርቦ መቀመጫውን በበሬ ቆዳ ጠፍር ያስጠለፈው ወንበር ነው። እሷ ስትሞት እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፤ ከነጭ ነጠላዋ በቀር ትዝ የሚለኝ ነገር የለም። አባቴ ክረምት ሊገባ ሲል ጠፍሩን ቅቤ ይቀባዋል። ከእሱ በቀር የሚቀመጥበት ሰው የለም። እንግዳ ሳያውቅ ሊቀመጥ ሲል እናቴ «ሶፋው ይሻልዎታል፣ እዚህ ይምጡ» ብላ ታነሳዋለች።

ባለፈው ዓመት አዲስ ቴአትር ጀመርን። ነገሩ ስለ ሁለት ያረጁ ባልና ሚስት ነው፤ ልጃቸው «ቤቱን ሽጡ» እያለ ያስጨንቃቸዋል። እኔ የአሮጊቷን ቦታ ያዝኩ። አዘጋጃችን በሌላው ሁሉ ጎበዝ ነው፣ ዕቃ መምረጥ ላይ ግን አይሆንለትም። ለሽማግሌው መቀመጫ ብሎ ከሰርግ አዳራሽ ወርቅማ ወንበር ተሸክሞ መጣ። ቱግ አልኩ። «ሽማግሌውን ልትድራቸው ነው እንዴ?» አልኩት። «እንግዲያው አንቺ አምጪ» አለኝ። አፌ አመለጠኝና «አመጣለሁ» አልኩ።

እቤት ገብቼ እናቴን ሳማክራት ሳቋን ለቀቀችው። «ከወንበሩ ይልቅ እኔን ቢያውስሽ ይቀለዋል» አለችኝ። አባቴ ላሞቹን አልቦ እስኪገባ ጠበቅሁት።

«አባዬ፣ ወንበሩን ታውሰኛለህ?»

«ለምን?»

«ለቢሮ።»

«ቢሮው ወንበር የለውም?»

«አሮጌ ነው የፈለጉት።»

«ማን ሊቀመጥበት ነው?»

«አንድ ትልቅ ሰው። አንዳንዴ ደግሞ ሚስታቸው።»

እጁን ታጠበ፣ አደራረቀ፣ ወንበሩን አየው፣ እኔን አየኝ። እምቢ ሊለኝ ነው ብዬ ነገር ሳዘጋጅ «የሚቀመጥበትን ቦታ እኔ ራሴ ካላየሁ ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለ። «ናና እይ» አልኩት፤ ፊቴን እንዳያነብብኝ ቶሎ ብዬ ወደ ማጀት ገባሁ።

እሁድ ረፋድ ላይ ወንበሩን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አሳሰርነው። አባቴ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ ጋቢና ገባ። ሜክሲኮ እስክንደርስ አንገቱን በመስኮት እያወጣ ወደ ላይ ሲያይ ሹፌሩ «አባባ፣ ከእርስዎ ይልቅ እሱ ተመችቶታል» አለው። ከሜክሲኮ በአዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ በአንድ ጎን እሱ፣ በሌላው ጎን እኔ ተሸክመነው አዘገምን። ወይራ እኮ ቀልድ አይደለም፤ ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። መንገድ ላይ የቆመ ፎቶ አንሺ ወንበሩን አይቶ «አባባ፣ አንዴ ይቀመጡበትና ላንሳዎት» ሲለው አባቴ «መንገድ ላይ ይቀመጣል እንዴ?» ብሎ ገሠጸው።

አዳራሹ ስንደርስ ወንበሩን መድረኩ ላይ ያስቀመጠው ራሱ ነው። ወደ ግራ ሳብ፣ ወደ ቀኝ ገፋ፣ እንዳይነቃነቅ በመዳፉ ጫን ጫን አደረገው። አዘጋጁ በትሕትና «እዚያ ጋ መብራት አያገኘውም አባባ» ቢለው፣ «መብራቱን አምጣዋ» አለው። መብራቱን አመጡት። ከዚያ ፊተኛው ረድፍ መሐሉ ላይ ተቀመጠና «እኔ እዚህ ሆኜ እጠብቀዋለሁ፤ አንቺ ቢሮሽ ግቢ» አለኝ።

ገባሁ። የሽበት ዊግ አጠለቅሁ፣ ፊቴ ላይ መጨማደድ ተሳለብኝ፣ ነጠላ ተከናነብኩ። በእኔ ቤት ልምድ ያለኝ ተዋናይ ነኝ፤ የዚያን ቀን ግን የመጀመሪያ ቃሌን እንደ ጀማሪ ደጋግሜ ለራሴ አነበነብኩ። መጋረጃው ሲከፈት በአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ልነሳ ስል እጄ የወንበሩን ክንድ መታ መታ አደረገ፤ ከዚያ ተነሳሁ። ልምምድ ላይ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ከወንበሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው የመሰለኝ።

ልጃችንን ሆኖ የሚሠራው ባልደረባዬ ሲበዛ ጉልበተኛ ነው። ልምምድ ላይ በንዴት ፕላስቲክ ወንበር አንስቶ ይፈጠፍጥ ነበር። «ይሄኛውን እንዳትነካ፣ ጠረጴዛውን ምታ» ብዬ ለምኜዋለሁ፣ አስፈራርቼዋለሁም። ጠቡ ሲጋጋል ግን ሁሉን ረሳው። እኔን ገፋ አድርጎ ወንበሩን ብድግ አደረገና ከራሱ በላይ አነሳው።

«በሕግ አምላክ!»

አባቴ ነው። ብድግ ብሎ ቆሟል፣ ከዘራውን ወደ መድረኩ ቀስሯል።

እኛ ዘንድ «በሕግ አምላክ» ከተባለ ሰው ይቆማል። የሚደባደብም ይቆማል፣ የሚሸሽም ይቆማል፤ እንዲያ ሆነን ነው ያደግነው። ባልደረባዬም ወንበሩን አናቱ ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ቀጥሎ መናገር ያለበት እሱ ነበር፤ ቃሉ ጠፋበት። ተመልካቹ የቴአትሩ አካል መስሎት ትንፋሹን ውጧል። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጎን ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዟል።

እኔ መጀመሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ። ቀጥሎ ንዴቴ መጣ፤ ስንት ዓመት ጠብቄው፣ በመጣበት ቀን እንዲህ ያድርገኝ? ከዚያ ግን ፊቱን አየሁት። ዓይኑ ከእናቱ ወንበር አልተነቀለም። ንዴቴ እዚያው በኖ ጠፋ።

«ተው ልጄ፣» አልኩ በአሮጊቷ ድምፅ፣ «ትልቅ ሰው ተናገሩ እኮ። አስቀምጠው።»

ባልደረባዬ ነፍስ ዘራ። ወንበሩን ማውረድ ጀመረ።

«ቀስ ብለህ፣» አለ አባቴ፣ «ጠፍሩ ይላላል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅሁ፤ ተመልካቹ የማለቅስ ነው የመሰለው፤ እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ነበር። ሳቁ በረድ ሲል ወደ መድረኩ ጫፍ ቀረብ ብዬ «ይቀመጡ ወንድሜ፣ ወንበሩ ምንም አልሆነ» አልኩት። የገዛ አባቴን ወንድሜ አልኩት። እሱ ባርኔጣውን አወለቀ። «እሺ እናቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ተቀመጠ።

አንቱ አለኝ። የቀረውን ቴአትር እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «ቢሮ እንዴት ዋለ?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ ነው ብዬ ባየው ፊቱ ላይ ምንም የለም። «ደህና ዋለ» አልኩ። ሳር ቤትን እስክናልፍ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ሲያዞር ቆየ።

«ያቺ ባልቴት» አለ በኋላ።

«እ?»

«አንጀቴን በላችው። ስትነሳ የወንበሩን ክንድ መታ መታ ታደርጋለች። ማን ነገራት?»

«እኔ እንጃ» አልኩት። «እኔ ነኝ እኮ» የሚለው ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኑ ደክሞ በዊጉ ተሸውዶ ይሁን ወይስ አውቆ ይሁን ማወቅ አቃተኝ። ለእናቴ ስነግራት «አባት ልጁ ትጠፋዋለች? አንቺ ደግሞ» አለችኝ። «ታዲያ ለምን አይናገርም?» ብላት «አባትሽ ነገር ዞሮ ነው የሚገባው፤ ታገሺው» አለች።

ከዚያ ወዲህ «ወንበሩን ልየው» እያለ እሁድ እሁድ መምጣት ያዘ። ባልደረቦቼ ቦታ ይይዙለታል። ያ ጉልበተኛም ጠረጴዛውን ብቻ ነው የሚመታው፤ ከመምታቱ በፊትም ፊተኛውን ረድፍ ሰረቅ አድርጎ ያያል። አዘጋጁ ሳቁን ስለወደደው «አባባ፣ በየሳምንቱ ያንን በሕግ አምላክ ቢሉልን» ብሎ ሊለምነው ሄደ። አባቴ «ሰው ሳያጠፋ በሕግ አምላክ ይባላል?» ብሎ አሳፍሮ መለሰው።

ቴአትሩ ሲያልቅ ቶሎ ወደ ቤት መሄድም ተወ። አዳራሹ አቅራቢያ ካለው አዲስ ፏፏቴ አጠገብ፣ ራሳቸውን ሊቀርጹ ስልክ አቁመው የሚጨፍሩትን ወጣቶች ቆሞ ያያል፤ አንዱ እግሩን ከምቱ ካሳለፈ ይታዘበዋል። አንድ ቀን የሥዕል ኤግዚቢሽን አስገባሁት። ሠዓሊው ራሱ እያስጎበኘ አንድ ትልቅ ፈረስ ሲያሳየው አባቴ ጎንበስ ብሎ መረመረውና «ጥሩ ፈረስ ነው፤ ግን ያነክሳል» አለው። ሠዓሊው ስቆ እጁን ጨበጠው። ከዚያ የቀረውን በሙሉ ለእሱ ብቻ አስጎበኘው። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ፣ አባቴ ከተማ መሐል እንዲህ ሲንሸራሸር በማየቴ ብቻ ሆዴ ሙሉ ነበር።

ስንመለስ ወሬያችን ያው «ሴትየዋ» ነች። «ዛሬ ለቅሶው በዝቶባታል፤ ትንሽ ትያዘው፣ ንገሪያት» ይለኛል። እነግራታለሁ እለዋለሁ። የሚገርመው፣ የሚለው ሁሉ ልክ ነው። አንድ እሁድ ደግሞ «ሴትየዋ ድምጿ ደክሟል። ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣችው» አለ። ቁርስ ሳልበላ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ በር ላይ ያየኝም እሱ ነው። በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ነው የተናገረው፤ እኔም በሌላው መስኮት ወደ ውጭ አየሁ። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ የፈላ ወተት ተቀምጦ አገኘሁ። እናቴ «ሴትየዋ ጠጥታ ትሂድ ብሏል» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሙሉ አልነበረም። ለእኔ «ሴትየዋ» ይበል እሺ፤ ለሰው ግን አሁንም «ልጄ ቢሮ ትሠራለች» ነበር የሚለው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ቴአትሩ አበቃ። ወንበሩም ወደ ቤቱ ተመለሰ። አባቴ ጠፍሩን ቅቤ ቀባው፤ ምንም እንዳልላላ አረጋግጦም ተቀመጠበት። እኔ ውስጤ አዘነ። አሁን በምን ሰበብ ይመጣል? ዝናቡ ሲያባራ አዲስ ቴአትር ጀመርን፤ በዚህኛው ላይ ዳኛ ነኝ፣ ወንበሬም የቴአትር ቤቱ ነው። ለአባቴ ምንም አልነገርኩትም። የመጀመሪያው እሁድ ወተቴን ጠጥቼ ስወጣ ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ በር ላይ ቆሟል።

«ወንበሩ እኮ እዚህ ነው አባዬ» አልኩት።

«አየዋለሁ፤ ዕውር ነኝ?» አለኝና ቀድሞኝ ወጣ።

ታክሲ ሰልፍ ላይ ኮንዶሚኒየሙ ላይ የሚኖረው፣ አባቴ ወተት የሚያደርስለት ጎረቤታችን ከፊታችን ቆሟል። ሰላምታ ሰጠን፣ ጠያየቀን፣ ከዚያ እየሳቀ «አባባ፣ የልጅዎ ቢሮ እሁድም ይሠራል እንዴ? ምን ዓይነት ቢሮ ነው?» አለ።

እኔ እንደ ለመድኩት አንገቴን ደፋሁ። አባቴ ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ።

«ቢሮ አይደለም» አለ፣ ሰልፉ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «ቴአትር ቤት ነው። ልጄ ተዋናይ ናት። አሮጊት ሆና ወጥታ የወንበሩን ክንድ መታ መታ ስታደርግ እናቴ የተነሳችልኝ ነው የመሰለኝ።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞረ። ሌሎቹም ዞሩ። የደፋሁትን አንገቴን ቀና አደረግሁ። ሚኒባሱ መጣ፣ ሰው መግባት ጀመረ፤ እኔ እንደቆምኩ ነኝ። አባቴ ትከሻዬን በእጁ ነካ አደረገኝ።

«ግቢ እንጂ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ። «ሥራሽ ላይ እንዳትዘገዪ።»